በጅግጅጋ መንገድ የሄደና የተመለሰ መዓዛ

የአገራችን የንግድ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ብዙ ተብሏል። እነዚህ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ተጭነው፣ በሚዛን ተመዝነው፣ በየኬላው ተቀርጠው ያለፉ በመሆናቸው ከመዝገብ ገብተዋል። መዓዛ ግን አይመዘንም። ሙጫው ይመዘናል፤ ዝባዱ ይመዘናል፤ የሽቶው ብልቃጥ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ በሰው ገላ ላይ የሚሆነው ነገር ግን የቀረጥ ሹም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከጅግጅጋ አንሥቶ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባሉት የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የሚሸጠውንና የሚቀባውን የቅባት ሽቶ መነሻ በማድረግ፣ ያ ጥንታዊ መንገድ ለዓለም ምን እንደ ሰጠ፣ በምላሹም ምን እንደ ተቀበለ፣ ዕውቀቱስ በማን እጅ እንደ ቆየ መመርመር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። የአማርኛው «ሽቶ» ከ«ሸተተ» ጋር አንድ ቤተ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የበሰበሰውም ይሸታል፣ ሙሽራዋም ሽቶ ትቀባለች። ክፉውን ከመልካሙ መለየት ስንፈልግ ወደ ግዕዝ ሄደን «መዓዛ»ን እንዋሳለን። ሶማሊኛ በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ የተደላደለ ይመስላል፤ መልካም ጠረን ያለው ነገር «ኡድጎን» ይባላል፤ ሽቶው ደግሞ «ዐደር» ነው። ዐደር ከዓረብኛው የመጣ ሲሆን፣ ከሕንድ እስከ ሞሮኮ ያለ ነጋዴ «አጥር» እያለ የሚጠራው ያው የአልኮል ጠብታ የሌለበት የቅባት ሽቶ ነው።

የመንገዱ ታሪክ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የግብጽ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት መርከብ ልካ ሙጫና ሥራቸው በቅርጫት የታቀፈ የዕጣን ዛፎች እንዳስመጣች በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የፑንት ትክክለኛ ሥፍራ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ቢያከራክርም፣ የሚጠቁሙት ወደ ቀይ ባሕር ደቡብና ወደ አፍሪካ ቀንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ደግሞ በርበራ እንደ ሆነች ከምትታመነው ከማላኦ ከርቤና ዕጣን እንደሚወጣ፣ ከዘይላ አካባቢ እንደ ነበረች ከምትገመተው ከአቫሊቴስ የሚወጣው ከርቤ ግን መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ከሌላው የተሻለ እንደ ሆነ ይመሰክራል። «ጥቂት ነገር ግን የተሻለ» የሚለው የነጋዴ አስተያየት ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል።

በዚሁ የመዓዛ በር ላይ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ የደረሰው ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ ግን የጻፈው ሌላ ነው። ዘይላ ትልቅ ገበያ ያላት፣ ሆኖም ከዓለም ከተሞች ሁሉ የከፋ ግማት ያለባት ናት ይላል። ምክንያቱም የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም ነበር፤ ባሕሩ የሚያናውጥ ቢሆንም ከተማዋ ውስጥ ከማደር መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ሌላው ዓለም ቤተ መቅደሱንና የመኳንንቱን አዳራሽ የሚያጥንበት ሙጫ ያለፈበት በር ለራሱ የተረፈው የዓሣ ክርፋት ነበር። የአምራች ከተማ ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ዛሬ ጅግጅጋ የምትገኝበትን ሰፊ የሣር ሜዳ ይነካ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 ከዘይላ ተነሥቶ በጥር 1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ የማረርን ሜዳ አቋርጧል። ሐረር እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 በግብጾች እጅ ቆየች፤ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሥር ገባች። ጅግጅጋም ከዚያ ወዲህ የጦር ሠፈርና የኬላ ከተማ ሆና አደገች፤ በ1892 ዓ.ም. የሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላሂ ሐሰን ደርቪሾች ምሽጓን ማጥቃታቸው የመንገዱን ክብደት ያሳያል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የዘይላ ንግድ ተዳከመ፤ ጅግጅጋ ግን በሐርጌሳ በኩል ወደ በርበራ፣ ከበርበራም ባሕሩን ተሻግራ ወደ ዓደን መመልከቷን አልተወችም።

እንግዲህ በእነዚህ መንገዶች የወረደው ምን ነበር? ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጥርኝ ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ በሸዋና በሐረር በኩል ወደ ባሕሩ ይጓዝ ነበር። ጥርኟን በጠባብ ቆጥ አስሮ ዕጢዋን በየጊዜው መፋቅ ጭካኔ ያለበት ሥራ መሆኑ የማይካድ ነው፤ ዛሬ ዝባድ ከዓለም ገበያ የተገፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚካ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባዱን ዋና ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ባለ 17 ካርቦን ቀለበት መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1939 የኖቤልን ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎችም አንዱ ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀንዱን በብልቃጥ መተካት የጊዜ ጉዳይ ሆነ።

ከጅግጅጋ በስተደቡብና በስተደቡብ ምሥራቅ ካለው ቆላ ደግሞ ሙጫው ይመጣል፤ «ፎሕ» የሚሉት ዕጣን፣ «መልመል» የሚሉት መራራ ከርቤ፣ እንዲሁም «ሐበግ ሐዲ» የሚሉት ጣፋጭ ከርቤ። የዚህ የመጨረሻው ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች «ኦፖፖናክስ» በሚል የግሪክ ስም ይጠሩታል፤ ጌርላን የተባለው የፓሪስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ባቀረበው ሻሊማር ውስጥ ከሚታወቁት መዓዛዎች አንዱ እርሱ ነው። ሆኖም የሙጫው ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ በመጻሕፍት ለብዙ ዘመን በስሕተት ሲጻፍ ኖሮ፣ እውነተኛው ኮሚፎራ ጊዶቲ የተባለው ዛፍ መሆኑን ማትስ ቱሊንና ፔር ክላዕሶን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሻሊማር በዚያን ጊዜ 66 ዓመቱ ነበር። ዛፉን ቆስቁሶ ሙጫውን የሚለቅመው አርብቶ አደር ሁልጊዜም «ሐዲ» ይለው ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

በምላሹ የመጣው ዐደር ነው። የጥንቱ አሠራር የሰሜን ሕንዷ የካናውጅ ከተማ ጥበብ ነው፤ አበባው ከውሃ ጋር በመዳብ ድስት ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ ተጉዞ የሰንደል ቅባት ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሸቀጥ ከቦምባይ ወደ ዓደን፣ ከዓደን ወደ በርበራ፣ ከበርበራ ወደ ጅግጅጋ ሲደርስ ቆይቶ፣ በእኛ ዘመን ምንጩ በአብዛኛው ዱባይ ሆኗል። ዛሬ በጅግጅጋ ገበያ ብልቃጦቹ እንደ ፋርማሲ መደርደሪያ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ወርድ፣ ዑድ፣ ነጭ ምስክ። ነጭ ምስክ ሲባል ግን እንስሳ አይታሰብ፤ የሰው ሠራሹ ምስክ ታሪክ የሚጀምረው አልበርት ባውር እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ፈንጂ ሲመራመር የቦምቡ ዘመድ የሆነ ነገር ያልታሰበ መዓዛ ሰጥቶት ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በገላ ላይ ማየት ሌላ። በአንድ የጥር ጧት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በጅግጅጋ ገበያ አንዲት በዕድሜ የገፉ የሽቶ ነጋዴ ፊት ተቀመጥሁ። «ኤዶ፣ ደኅናውን ይምረጡልኝ» አልኋቸው። «እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ክንድህ ይምረጥ፤ ዛሬ አትግዛ፣ ነገ ተመለስ» ብለው በመስታወት ዘንግ ሦስት ቦታ ነኩልኝ። እንዳላሽም አስጠነቀቁኝ። ነገሩ አጉል እምነት አይደለም፤ መታሸት ሙቀት ስለሚፈጥር ፊተኛውን ሽታ ያለ ጊዜው ያባርረዋል።

የመጀመሪያው ወርድ ነበር። ሲነካኝ ገና የተቀጠፈ ቅጠል፣ በመጠኑም ሎሚ ሸተተኝ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማር ሆነ፤ ቀትር ላይ ደከመ፤ ማታ የቀረው አሮጌ ደብዳቤ ሲከፈት የሚመጣውን ዐይነት ደረቅ ትዝታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዑድ ነው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የከብት በረት ነው፤ እርጥብ ቆዳና ፋንድያ። ያልለመደ ሰው ክንዱን ታጥቦ ይሄድ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በረቱ ውስጥ ጢስ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ደረቅ እንጨት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከግንድ ቀፎ የወጣ እንጀራ ማር መሰለኝ።

ሦስተኛው እርሳቸው ራሳቸው ሐበግ ሐዲን በሰንደል ቅባት ዘፍዝፈው ያኖሩት ነው። ሲጀምር የመድኃኒት ምሬት አለው፤ ክፉም ደግም ለማለት አይቻልም። ቀስ እያለ ለዘበ፤ ቀትር ላይ ሞቅ ያለ ቅመም ሆነ፤ ማታ ደግሞ ሽቶ መሆኑን ትቶ የገዛ ገላዬ ጠረን መሰለኝ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፤ የት እንደሚያልቅና እኔ የት እንደምጀምር መለየት አቅቶኝ ነበር። በማግሥቱ ጧት በሸሚዜ እጅጌ ላይ አልጠፋም። አብሮኝ የነበረው ወጣት መምህር ያንኑ ወርድ ተቀብቶ በእርሱ ላይ ወዲያው ኮምጠጥ አለ፤ የእኔ ክንድ በነፋሱ የደረቀ፣ የእርሱ ወዛምና ላብ የቀደመው ነበር።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሽቶ አንድ ነገር አይደለም፤ ክብደታቸው የተለያየ ብዙ ነገሮች ስብስብ ነው። በዕጣን ውስጥ የሎሚና የጥድ ሽታ የሚሰጡት ፓይኒንና ሊሞኒን ቀላል ናቸውና በቆዳ ሙቀት ቀድመው ይበራሉ። የአበባው ጠረን ይከተላል። ከባዶቹ፣ ማለትም ሙጫው፣ ሰንደሉ፣ ዑዱና ዝባዱ፣ እስከ መጨረሻ ይቆያሉ፤ ከዚህም በላይ ቀላሎቹን ይዘው መነሣታቸውን ያዘገያሉ። ቅባት እንደ አልኮል ሽታውን ከፍ አድርጎ አይበትንም፤ ከገላ ጋር ተጣብቆ ቀስ እያለ ይለቃል። 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደረቅና ነፋሻማ አገር፣ ወዝ ያጣ ቆዳ ሽቶውን ለመያዝ በሚቸገርበት፣ ቅባት መመረጡ ከሃይማኖታዊው ምክንያት ሌላ የአየሩም ፍርድ ይመስለኛል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ቀድሞ የሚሸሸው፣ በብልቃጡ ላይ ስሙ በወርቅ የተጻፈለት አበባ ከውጭ የመጣ ነው። ማታ ገላው ላይ ከሚቀረው ግን ብዙው ከዚህ ምድር ሲሄድ የነበረው ዐይነት ነው፤ ሙጫውም ዝባዱም። ጥሬው በጆንያና በቀንድ ወጣ፤ ስም ለውጦ፣ ዋጋው በዝቶ፣ በጣት በሚያህል ብልቃጥ ተመለሰ። ይህ የቡናችንም ታሪክ ስለሆነ ለአንባቢ አዲስ አይሆንም። አዲስ የሚሆነው የመጨረሻው ሥራ፣ ማለትም ማዋሐዱ፣ ከቶ ከዚህ አለመውጣቱ ነው።

ያን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው። ሴት ተቀብታ አደባባይ መውጣቷ በሃይማኖትም በልማድም ስለማይወደድ፣ ጥበቡ የተቀመጠው በቤት ውስጥና በሴቶች ጉባኤ ነው። ምሽት ላይ «ደብቃድ» በሚባለው ማጨሻ ፍም ተደርጎ ልብሱና ጸጉሩ ይታጠናል። ከሠርግ በሰባተኛው ቀን፣ ሙሽራዋ ሻሽ በምታስርበት በሻሽ ሳር፣ ሴቶች ቡራንቡር የተባለውን የራሳቸውን ግጥም በከበሮ እያወረዱ ሽቶና ጢስ ይዞራል። ለሐዋና ለፋጡማ በሚዘመርበት በሲታድ ጉባኤም እንዲሁ ነው። ስለ ሶማሌ ቅኔ ሲነሣ የሚጠቀሰው የወንዶቹ ገበይ ነው፤ ቡራንቡር ዘግይቶ ከመጻሕፍት ገባ፤ አብሮት የሚጤሰው ግን እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

አለመጻፉ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያለፉት ዘመናት አሳይተዋል። በ1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በጦርነት ተይዛ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ነገሩ እስኪለይ ከተማው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ከአየር ስትደበደብ ሕዝቡ በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርታ ሼክ ላይ ሠፈረ፤ ጣቢያው በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ሆኖ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። በእንዲህ ያለው ሽሽት የሚያዘው ልጅና ውሃ ነው። በወረቀት ያልሠፈረ ቅመማ ካለ በአሮጊቷ አፍንጫ ውስጥ ብቻ ይጓዛል፤ አሮጊቷ መንገድ ላይ ከቀሩ አብሮ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ ስደት ሳይኖር፣ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው የተዘጋጀ ጢስ ያንኑ በጸጥታ እየፈጸመ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር ተማሪዎቹን ደብተር አስይዞ ወደ አያቶቻቸው ቢልክ ከማናቸውም የጥናት ጉባኤ የበለጠ ይሰበሰባል ብዬ አምናለሁ። እኛ ተውኔት ጸሐፊዎችም ሙሽራን መድረክ ላይ በልብስና በዘፈን ብቻ ስናወጣ መቆየታችን ይገርመኛል፤ አንድ ደብቃድ ፍም አዳራሹን በሙሉ ቤት ያደርገው ነበር።

ለጀማሪ ሰብሳቢ የሚሆን አንድ ናሙና እነሆ። «ኡንሲ» የሚባለው የሴቶቹ ጢስ ሲሠራ ስኳር በጥቂት ውሃ ይነጠራል፤ መልኩ እስኪጠቁር ሳይሆን እስኪቀላ። የተወቀጠው ፎሕ፣ የሰንደሉና የዑዱ ስብርባሪ፣ አንዳንዷ ቅርንፉድም ጨምራ፣ በላዩ ይነሰነሳል። ዐደሩ የሚገባው ግን በመጨረሻ ነው፤ ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ተጠብቆ፣ በጋለው ላይ ከፈሰሰ የላይኛው ሽታ በርሮ የሚቀረው ምሬቱ ነውና። ለስንት ስኳር ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ስትጠየቅ ባለሙያዋ አትነግርም፤ ትንሽ ቆንጥራ ፍሙ ላይ ጣል ታደርግና ታሸታለች፤ ትጨምራለች፤ እንደገና ታሸታለች። ከዚያ በኋላ ድስቱን ከድና ታሳድረዋለች።