«ወለድ የለም» የሚሉ ካርዶች፦ የይደር ወለድ በአሜሪካ የመደብር ክሬዲት ካርድ ተጠቃሚዎች ላይ የሚያስከትለው አደጋ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የአሜሪካ መደብሮች ከባንኮች ጋር ሆነው የሚያቀርቧቸውን፣ ዕዳው በተወሰነ ጊዜ ካልተጠናቀቀ ወለዱን ከግዥው ቀን ጀምረው የሚያስቡ ክሬዲት ካርዶች ይመረምራል። የአደጋው ዋና ምንጭ የሸማቹ ቸልተኝነት ሳይሆን ቅጣቱን ከቀሪው ዕዳ መጠን ጋር የማያመዛዝነው የውሉ ቅርጽ ነው፤ በመሆኑም ሸማቹን ማስጠንቀቅ ብቻውን በቂ መፍትሔ አይደለም ሲል ይከራከራል።

1. መግቢያ

በአሜሪካ የቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሮኒክስ ወይም የቤት ማደሻ ቁሳቁስ ለመግዛት ሂሳብ መክፈያው ጋር የደረሰ ሰው «በ12 ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚል ግብዣ ሊቀርብለት ይችላል። ካርዱ የመደብሩን ስም ይያዝ እንጂ አበዳሪው ባንክ ነው። ሆም ዲፖና ቤስት ባይ ከሲቲባንክ፣ ሎውስ ደግሞ ከሲንክሮኒ ባንክ ጋር ይሠራሉ። የጥርስና የእንስሳት ሐኪም ቤቶችም ኬርክሬዲት በተባለው ካርድ ተመሳሳይ ውል ያቀርባሉ።

በዚህ ውል ወለዱ አይሰረዝም፤ በይደር ይያዛል እንጂ። ባንኩ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ወለዱን እያሰላ በጎን ያስቀምጠዋል። ሸማቹ በቀኑ ገደብ ዕዳውን ካጠናቀቀ የተጠራቀመው ይተውለታል፤ ጥቂት ዶላር እንኳ ቢቀርበት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫንበታል። እውነተኛ የዜሮ ወለድ ካርድ ከዚህ ይለያል። በእሱ ጊዜው ሲያበቃ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ፣ ከዚያ ቀን ወደ ፊት ብቻ ነው። ሁለቱ በማስታወቂያ ላይ ተመሳስለው መታየታቸው ችግሩን ያባብሰዋል።

2. ስሌቱ የሚያሳየው

በ29.99 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ12 ወር ገደብ የተገዛ የ2,400 ዶላር ዕቃ እንውሰድ። ለቀላልነት ወለድ በወለድ ላይ አይታሰብም እንበል።

የመጀመሪያው ሸማች በየወሩ 190 ዶላር እየከፈለ በዓመቱ መጨረሻ 2,280 ዶላር፣ ማለትም የዕዳውን 95 በመቶ ይከፍላል። የቀረበት 120 ዶላር ነው። በይደር የተያዘው ወለድ ግን 406 ዶላር ያህል ይደርሳል። በእውነተኛ የዜሮ ወለድ ካርድ ቢሆን ኖሮ በቀሪው 120 ዶላር ላይ በቀጣዩ ወር የሚታሰበው ወለድ 3 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሸማች የተጠየቀውን ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ፣ 35 ዶላር እንበል፣ አንድም ወር ሳያሳልፍ ይከፍላል። በዓመቱ መጨረሻ 420 ዶላር ከፍሎ 1,980 ይቀርበታል። 662 ዶላር ያህል ወለድ ሲታከልበት ዕዳው ወደ 2,642 ዶላር ይወጣል፤ ከዕቃው የመነሻ ዋጋ ይበልጣል ማለት ነው። ዝቅተኛው ክፍያ ዕዳውን በገደቡ ውስጥ ለመጨረስ ታስቦ የተሰላ አይደለም፤ በየወሩ የሚደርሰውን የሂሳብ መግለጫ አምኖ የከፈለ ሰው በዚሁ እምነቱ ይጎዳል።

ሁለቱን ስናነጻጽር የውሉ ጉድለት ይገለጣል። 95 በመቶውን የከፈለው ሸማች የሚጣልበት ወለድ 17.5 በመቶውን ብቻ የከፈለው ከሚጣልበት ከ60 በመቶ በላይ ነው። ዕዳን ለመጨረስ መቃረብ ቅጣቱን እምብዛም አያቀልም።

3. ሕጉ እስከ ምን ይከላከላል?

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የብድር እውነተኛነት ሕግና ማስፈጸሚያው ሬጉሌሽን ዚ አበዳሪዎች የብድርን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። በይደር ወለድ ረገድ ማስታወቂያው «ሙሉውን ከከፈሉ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ መያዝ፣ ወርሃዊ መግለጫውም የመጨረሻውን ቀን ማሳየት አለበት። የ2009 የክሬዲት ካርድ ሕግ ደግሞ ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ እንዲሄድ ደነገገ። በይደር ወለድ ላይ የተለየ ሥርዓት አለ፤ ጊዜው ሊያበቃ ሁለት የሂሳብ ዑደት ሲቀረው ትርፍ ክፍያው በቅድሚያ ለይደሩ ዕዳ ይውላል።

ይህ ጥበቃ ክፍተት አለው። በዚያው ካርድ ሌላ ተራ ግዥ የፈጸመ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዑደቶች በፊት የሚጨምረው ገንዘብ፣ ባንኩን ካልጠየቀና ባንኩም ካልፈቀደለት በስተቀር፣ በአብዛኛው ወደ ተራው ግዥ ይሄዳል። የይደሩን ዕዳ እየቀነሰ የሚመስለው ሸማች ከፍተኛው ድርሻ ሳይነካ ይቆየዋል። ክፍያው ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ደግሞ የይደሩ ዕድል ገደቡ ሳይደርስ ሊነሣበት ይችላል።

የወለዱ ጣሪያም ሸማቹ በሚኖርበት ግዛት ሕግ ብቻ አይወሰንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በማርኬት ብሔራዊ ባንክ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት አንድ ብሔራዊ ባንክ የሚገኝበት ግዛት የሚፈቅደውን ወለድ በሌላ ግዛት ነዋሪዎችም ላይ ማስከፈል ይችላል። የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዘገባ ከመደብር ካርዶች 90 በመቶው ከፍተኛ ወለዳቸው ከ30 በመቶ እንደሚበልጥ አስታውቋል፤ ከሌሎቹ ካርዶች እዚህ የሚደርሱት 38 በመቶ ናቸው።

4. ማን ይከፍላል?

የአሠራሩ ደጋፊዎች አብዛኛው ተጠቃሚ ዕዳውን በጊዜ ጨርሶ ያለ ወለድ እንደሚገለገል ይናገራሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ወለድ የተሰጠው ብድር ወጪ አለው፤ ከፊሉን መደብሩ ለባንኩ በሚከፍለው ክፍያ ሲሸፍን ከፊሉ ገደቡን ካልጠበቁት ይሰበሰባል። ገደቡን የማሳለፍ ዕድላቸው ከፍ ያለው ደግሞ ዝቅተኛ ክሬዲት ስኮር ያላቸው፣ ገቢያቸው የሚዋዥቅ፣ አንድ የሕመም ወይም የመኪና ጥገና ወጪ ዕቅዳቸውን የሚያናጋባቸው ሰዎች ናቸው።

በሕክምናው መስክ ጉዳቱ ይበልጥ ይጎላል። በታኅሣሥ 2013 ቢሮው ጂኢ ካፒታልና ኬርክሬዲት እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለሸማቾች እንዲመልሱ አዟል፤ በርካታ ታካሚዎች ወለድ የማይከፈልበት ብድር የወሰዱ መስሏቸው ነበር። ቢሮው በ2023 እንዳስታወቀው ደግሞ ከ2018 እስከ 2020 ድረስ ሰዎች በሕክምና ክሬዲት ውሎች 1 ቢሊዮን ዶላር የይደር ወለድ ከፍለዋል።

አዲስ ገቢ ስደተኞች፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ጨምሮ፣ ለዚህ አደጋ የሚጋለጡበት የራሱ ምክንያት አለ። ክሬዲት ታሪክ የሌለው ሰው ታሪክ ለመገንባት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ለማግኘት በሚቀለው የመደብር ካርድ ነው፤ ውሉም በእንግሊዝኛ ሕጋዊ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከሰፈር ባለሱቅ በዱቤ መግዛትን የለመደ ሰው የቀረችው ገንዘብ ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ታስወድዳለች ብሎ አይጠብቅም።

5. ማጠቃለያ

ቢሮው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ለመደብር ካርድ ኩባንያዎች በጻፈው ደብዳቤ ይበልጥ ግልጽ የሆኑ አማራጮችን እንዲያስቡ አበረታቷል። ማበረታቻ ግን ግዴታ አይደለም። ሁለት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ፦ ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ፣ ከገደቡ ቀን በኋላ እንዲታሰብ መደንገግ፤ በማስተዋወቂያው ወቅት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ክፍያም ዕዳውን በገደቡ ውስጥ የሚጨርስ ሆኖ እንዲሰላ ማድረግ።

ሕጉ እስኪስተካከል ሸማቹ ዕዳውን ከገደቡ በአንድ ወር በሚያንስ ጊዜ ያካፍል። የ12 ወሩን 2,400 ዶላር በ11 ወር ለመጨረስ በየወሩ 219 ዶላር ይበቃል። በዚያ ካርድ ሌላ ዕቃ አይግዛ፤ የገደቡ ቀን ከመክፈያው ቀን ጋር ላይገጥም ስለሚችልም በመግለጫው ላይ ያረጋግጥ። ይህን መጠን በየወሩ ለመክፈል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ግብዣውን አለመቀበሉ ይሻለዋል።