ለዕውቀትም ቀሮ ያሻዋል

የመንዝ ገበሬ ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው በቀሮ ሕግ ነው። ሣሩ የሚታጨድበት ወራት ተለይቶ ይታወቅ ነበር፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም፣ ማኅበረሰቡ ጓሳን ዛሬም በኅብረት ይጠብቃል። ሣር እንዲህ ዘብ ሲቆምለት፣ ስለ ዕፀዋት የተከማቸው የሰፊው ሕዝብ ዕውቀትስ ጠባቂው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያነሣው የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ ነው። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እናቶቻችን ለልብስ ማጠቢያ ያኖሩት ፍሬ የሕዝብ ጤና መሣሪያ ሆነ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግን ግኝቱን ለመቀበል ለረጅም ጊዜ አመነቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ቧንቧ የሚደፍነውን የሐይቅ ዛጎል እንደሚገድል ታውቆ የባለቤትነት መብት ተመዘገበ። የአጣቢዎቹ ድርሻስ የት አለ?

በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት መብት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ቀሮን ያጸናው የሕዝቡ ንቃት ነበር። መምህሩም ከያኒውም ይህን ንቃት የማስፋት አደራ አለባቸው።