የመካ ዐለቶች

የመካ ዐለቶች ጀርወልን የመሳሰሉ የከተማዋ ሰፈሮች ያረፉባቸውና የከበቧቸው ኮረብቶች የተገነቡባቸው፣ ግራናይትና ዳዮራይትን የሚያካትቱ ጥንታዊ ዐለቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ550 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። የቀለጠ ዐለት በምድር ውስጥ እጅግ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ማዕድናቱ በዓይን እስኪለዩ አደጉ፤ ነጣ ያለው ፌልድስፓር፣ ብርጭቆ መሰሉ ኳርትዝና የሚያብለጨልጨው ጥቁር ሚካ ጎን ለጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንቅ ውበታቸውም ከዚሁ ይመነጫል። ዐለቶቹ የዓረቢያ-ኑቢያ ጋሻ የሚባለው ሰፊ መሠረት አካል ሲሆኑ፣ የዚሁ ጋሻ ምዕራባዊ ክፍል በትግራይና በወለጋ ገጸ ምድር ላይ ይታያል። የጋሻውን ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ክፍሎች ያራራቀው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የተከፈተው ቀይ ባሕር ነው።