ከዐናጺ ዐይን እስከ ደረጃ ሰነድ፦ የእንጨት ጥራት ቁጥጥር ታሪክ በኢትዮጵያ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ቤት ሠሪ ከአጣና ተራ እንጨት ሲገዛ፣ እንጨቱ ቤቱን ለመሸከም ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ማን ነው? የዚህ ጥያቄ ታሪክ፣ ስለ እንጨት ያለን ዕውቀት ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደ ገባ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

የእንጨት ጥራት ምዘና ከጽሑፍ ደረጃ እጅግ ይቀድማል። የአክሱም ዘመን ግንበኞች በድንጋይ ግድግዳ መካከል አግዳሚ እንጨት ይረበርቡ ነበር፤ ከግድግዳው ብቅ የሚለው የመስቀለኛው እንጨት ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ይኸው ቅርጽ በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእንጨት ተሠርቶ ይታያል። ከዚያ ወዲህም ዐናጺዎቻችን እንጨትን በዓይነቱ ይመድቡ ነበር። ጥድና ወይራ ምስጥና ብስባሴ በቀላሉ ስለማይደፍራቸው መሬት ውስጥ ለሚቀበር ምሰሶ፣ ዋንዛ ደግሞ ለበር፣ ለሣጥንና ለከበሮ ይመረጡ ነበር። ይህ ምደባ በጽሑፍ አልሰፈረም፤ ሆኖም የዛሬው የእንጨት ሳይንስ ስለ ተፈጥሯዊ የመቆየት አቅም ከሚያስተምረው ጋር ይስማማል። የዛፉ ዓይነት ከታወቀ ጠባዩ ይታወቅ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲቆረጥ በፍጥነት ተመናመነ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። በኋላ ግን ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

አዲሱ ዛፍ ከተማዋን ቢያድንም የቀድሞውን የምደባ ዕውቀት አናጋው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ነገር ግን በግንዱ ውስጥ የዕድገት ውጥረት ያጠራቅማል፤ ስለዚህ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይተረተራል። እንደ ማንኛውም እንጨት፣ መደበኛው መኮማተሩ የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። በመሆኑም ዛሬ ተቆርጦ ነገ ግድግዳ የሚሆን አጣና፣ ጉድለቱን የሚገልጠው ገንዘቡ ከተከፈለና ጭቃው ከተመረገ በኋላ ነው። የዐናጺው ዐይን የሠለጠነው ዓይነትን ከዓይነት ለመለየት ነበር። አሁን ግን ዓይነቱ አንድ ሆነና ልዩነቱ በዛፉ ዕድሜ፣ በእርጥበቱና በአደራረቁ ላይ ዋለ። እነዚህ ደግሞ ለዐይን በቀላሉ አይገለጡም።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው የመሰንጠቂያ ሥራ ሌላ አሳብ ይዞ መጣ፤ እርሱም ቋሚ ልክ ነው። «ሞራሌ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው፤ በልክ የተሰነጠቀ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የኢትዮጵያ ደረጃዎች ተቋም ሲመሠረት፣ መለኪያን በጽሑፍ የሚደነግግ አካል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የሕንጻ ኮዶች አምስተኛው ስለ እንጨት አጠቃቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አገራችን የአውሮፓን የሕንጻ ኮዶች ተቀብላ የራሷ ደረጃዎች አደረገቻቸው።

በአውሮፓው ሥርዓት እንጨት በጥንካሬ ይመደባል። ለምሳሌ ሲ 24 የሚባለው ምድብ፣ እንጨቱ ሲታጠፍ የሚኖረው መለያ ጥንካሬ በካሬ ሚሊ ሜትር 24 ኒውተን መሆኑን ያመለክታል። መዳቢው ጉጡን፣ የጭረቱን ዝንባሌና ስንጥቁን ይመረምራል። ይህ ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ግን የዚያው ዛፍ ናሙና፣ ከበቀለበት አካባቢ ተወስዶ አስቀድሞ ከተፈተሸ ነው። ቁጥሩን ከሰነዱ መውሰድ ይቻላል፤ የእኛን ባሕር ዛፍ የመፈተሹ ሥራ ግን የእኛ ነው።

ሰነድ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ አንድ ንጽጽር ያስረዳል። ለኤሌክትሪክ መስመር የሚውለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ መከላከያ መድኃኒትም በግፊት ይሰርጽበታል፤ ምክንያቱም ገዥው አንድ ትልቅ ድርጅት ስለሆነ ያልተስማማውን ይመልሳል። የዚያው ዛፍ ወንድም ግን ከገበሬው ማሳ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ገብቶ፣ በውፍረቱና በርዝመቱ ብቻ ተገምቶ ይሸጣል። የፋብሪካ ጣውላና ከውጭ የሚገባ ኮምፔርሳቶ ተቆጣጣሪ የሚቆምበት በር አላቸው፤ አጣና ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ጉዳቱ የሚያርፈውም መመለስ በማይችለው ገዥ፣ ማለትም በጭቃ ቤት ነዋሪው ላይ ነው።

«ቁጥጥር ዋጋ ያስወድዳል፤ ድሃውን ከገበያ ያስወጣል» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። የአውሮፓን ምደባ በሙሉ አጣና ተራ ላይ መጫንም አይቻልም። ነገር ግን የተቆረጠበትን ወር ማሳወቅ፣ በጥላ ሥር ማድረቅና የሚቀበረውን ጫፍ ከምስጥ መጠበቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። እነዚህን ወደ ቀላል ደንብ ለመለወጥ ተመራማሪው ከዐናጺው ጋር መቀመጥ አለበት። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጥናት ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ሥራውን ከዚህ ይጀምር።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።