የሐዋሳ ሕዝብ በየት ይቆጠር? አሞራ ገደል፣ ገጠሩና ተፋሰሱ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደርን ነዋሪ 258,808 አድርጎ መዝግቧል። ከተማ በተባሉት ቀበሌዎች የሚኖረው ግን ከ157 ሺህ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ከአሥሩ ሰው አራቱ ገደማ በአስተዳደሩ ሥር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይኖሩ ነበር። ስለ ሐዋሳ ሲጻፍ ይህ ገጠር ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ከተማዋ የምትተረከው በሰፋፊ መንገዶቿ፣ በሐይቅ ዳር መናፈሻዎቿና በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነው። የእኔ መከራከሪያ ግን የአሞራ ገደልን ዕጣ የሚወስነው ከከተማው ይልቅ ገጠሩ ነው፣ ስለዚህም ሕዝቡ በአስተዳደር ወሰን ብቻ ሳይሆን በተፋሰስም መቆጠር አለበት የሚል ነው።

ማስረጃው ከመልክዐ ምድሩ ይጀምራል። የሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ወለል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሸፍን፣ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ብዙ የማይርቅ ሐይቅ ነው። በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ሆኖም ከሥር ሰርጎ የሚሄድ ውኃ ስላለ ጨዋማ አልሆነም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ይህ ወንዝ ከወንዶ ገነትና ከአካባቢው ከፍታዎች የሚወርዱትን ጅረቶች የሚቀበለው በጨለለቃ ረግረግ በኩል ነው። ጨለለቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ነበር። ዳገቱ ሲመነጠርና ሲታረስ ደለሉ ሞላው፤ አጣሪ የነበረው ረግረግ ሲዳከም ደግሞ አፈሩ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ መዝለቅ ቀለለው። የሐይቁ ከፍታ ለአሥርት ዓመታት እየጨመረ ሄዶ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን አሰጋ፤ በዳርቻው የተዘረጋው የአፈር ግድብም ይህን ለመመከት የተሠራ ነው። አሞራ ገደል ላይ የሚራገፈው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ሲሆን አምባዛና ቢልጫም አሉበት። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ ነው፤ እናቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ደለል በመጀመሪያ የሚጎዳው ይህንኑ ዳርቻ ነው። የመራቢያው አንዱ ከፍተኛ ወቅት ከጥር እስከ መጋቢት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል፤ ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ዓሣ ፈላጊው በሚበዛበት ጊዜ ነው መረቡ የሚወርደው። አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች በየማለዳው የሚሻሙት ትርፍራፊም ከዚሁ ዓሣ የሚገኝ ነው።

የከተማዋ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከ1952 ዓ.ም. ይጀመራል፤ ራስ መንገሻ ስዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ሆኖም ስፍራው ባዶ አልነበረም፤ አዳሬ እየተባለ የሚጠራ የሲዳማ ሕዝብ መኖሪያና የከብት ግጦሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የክፍለ ሀገርና የክልል መቀመጫነት፣ የእርሻ ኮሌጁ፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰው ሳቡ። በ1976 ዓ.ም. 36,169 የነበረው የከተማ ነዋሪ በ23 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው፣ የሚያነደውና የሚገነባበት ነገር በከፊል ከዚያው ዳገት የመጣ ነው። ስለዚህ ገጠሩን ስወቅስ ከተማውን ነጻ አላወጣም።

እዚህ ላይ ሐይቁን የሚጎዳው የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ እንጂ አርሶ አደሩ አይደለም የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ፍሳሹ እውነተኛ አደጋ ነው፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ የገባው በካይ አብዛኛው ስለሚከማች ጥብቅ ቁጥጥር ይገባዋል። ነገር ግን ፋብሪካን መቆጣጠር ጨለለቃን አይመልስም። ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ክብደት አለው፦ በጀት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚደለደሉት በአስተዳደር ወሰን ነው፤ ተፋሰሱ ደግሞ ሲዳማንና ኦሮሚያን ያቋርጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ከሆነ ወዲህ ወሰን ስሱ ጉዳይ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም በተፋሰስ መቁጠር ማንንም ከክልሉ አያወጣም፤ መሬትም አያዛውርም። ቆጠራ የሚካሄደው የራሳቸው ካርታ ባላቸው ትናንሽ የቆጠራ ቦታዎች ነው። ደጋግሞ የተራዘመው ቀጣዩ ቆጠራ ሲካሄድ እነዚህን ቦታዎች በቀበሌ ከመደመር ባሻገር በውኃ መውረጃቸው መደመር ይቻላል። ያን ጊዜ በጥቁር ውኃ ዳገቶች ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሚያርስ፣ የእርከንና የችግኝ በጀትም በየትኛው ቀበሌ ቢውል ደለሉን ከምንጩ እንደሚይዘው የሐዋሳ አስተዳደር ከኦሮሚያ አጎራባች ወረዳዎች ጋር አንድ ሰንጠረዥ ይዞ መነጋገር ይችላል።