ክታብ፣ ክትባትና ስልክ፦ የሕክምና ዕውቀት ወደ ሕዝብ የተጓዘበት መንገድ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ዓባይ በሚዞረው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ የምትገኘው መርጡለ ማርያም፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ስሟ የታወቀ ጥንታዊ ደብር ናት። በእንዲህ ያለ አገር ወሬ የሚሰማው በገበያ፣ በሰንበቴና በለቅሶ ቤት ነው፤ የሚመዘነውም ነገሩ ብቻ ሳይሆን ነጋሪው ጭምር ነው። ሳይንስን ለሕዝብ ለማስረዳት የተደረገው ጥረት ታሪክ ይህን ሳያስቡ ሊጻፍ አይችልም።

«ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ክታብ» ጋር ከአንድ ሥር፣ መጻፍ ማለት ከሆነው «ከተበ» የወጣ ነው። የሐኪም መርፌ ከመምጣቱ አስቀድሞ የደጋው ሕዝብ ፈንጣጣን በራሱ ብልሃት ይከላከል ነበር። ሕመሙ ከቀለለለት ሰው ቁስል ጥቂት ተወስዶ፣ በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ በተጫረ ቆዳ ይገባል። ሰውየው ጥቂት ታሞ ይድናል፤ ከዚያ በኋላም በሽታው አይደግመውም። ብልሃቱ እውነተኛ ዕውቀት ነበረበት። ጉድለቱ ግን፣ በዚህ መንገድ የተከተበው ሰው የሚይዘው ራሱ ፈንጣጣው ስለ ሆነ፣ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ መቻሉ ነው።

እንግዲህ በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራውን ሲጀምር፣ የገጠመው ምንም የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 26,329 ሕሙማን ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ በአገሪቱ የተስፋፋው የፈንጣጣ ዓይነት በእስያ ከነበረው የቀለለና የሚገድለውም ከመቶ ሕሙማን አንድ ወይም ሁለቱን ያህል በመሆኑ፣ ብዙው ሰው አጥብቆ አይፈራውም ነበር። በጎጃም ደጋ አዲሱ ክትባት ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። የቆየው ብልሃት በእጁ ሳለ፣ እንግዳው መርፌ በምን እንደሚሻል ሕዝቡ ሊያስረዱት ይገባ ነበር። ማንበብ የሚችለው ጥቂት በመሆኑም ይህ በጽሑፍ የሚሆን አልነበረም።

ስለዚህ ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ፣ አንዳንድ ጊዜም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ፣ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን የሚያሳይ ካርድ ይዘው ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሥዕሉን እያሳዩ፣ እንዲህ ያለ ሕመም የት እንደታየ ጠየቁ። በዚህም አሠራር ሕዝቡ ትምህርት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ነጋሪም ሆነ፤ ሠራተኛውም የተነገረውን ይዞ በሽተኛው ወዳለበት መንደር ሄዶ ጎረቤቱን ይከትብ ነበር። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ቆላ የአገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ፣ መንገዱ ተለውጦ ነበር። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ የምርመራውን ውጤት በየዕለቱ በማኅበራዊ መገናኛ ያወጡ ነበር፤ በ8335 የስልክ መስመርም ጠያቂው መልስ ያገኝ ነበር። አንድ መልእክት በደቂቃ ከአዲስ አበባ ጎጃም መድረሱ፣ በበቅሎ ለተጓዙት ሠራተኞች በሕልም የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን ያው መንገድ ለሐሰትም ክፍት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲጀመር፣ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬም በዚያው ስልክ ተሰራጨ። ለዚህ ወሬ በየመንደሩ ፊት ለፊት መልስ መስጠት የወደቀው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው በተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ነበር፤ እነርሱን ሕዝቡ በስም ያውቃቸዋልና።

የመንገዱ ሌላው ድካም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ታየ። በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በስልክ ብቻ ይደርስ የነበረው የጤና ምክር ከምንጩ ደረቀ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ስልክን የሚያስንቅ አይደለም። ባለ ሥዕል ካርዱም በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር፤ የጠቀመው ግን ካርዱን የያዘው ሰው ጠይቆ መልሱን ቆሞ በማድመጡ ነው። የዛሬው ባለሙያም በስልክ ከሚልከው መልእክት በኋላ ከመንደሩ የሚመለሰውን ጥያቄ የሚቀበል ሰው ካላቆመ፣ ጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ሌላ ደጅ መሄዱ አይቀርም።