ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ፤ የቀድሞው መዝገብ ያዥ ኀላፊነት

ዛሬ በሐዋሳ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚሠራ የሒሳብ ባልደረባችን የግብር ከፋዩን ሒሳብ በኮምፒዩተር ፈልጎ ወዲያው ያገኛል። ሐዋሳ ገና ሳትስፋፋ፣ ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ግን ግብር የሚመዘገበው በእጅ ጽሑፍ ነበር። የዚያን ዘመን የመዝገብ አያያዝ መመርመር ለሞያችን የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም።

በቤተ መንግሥት የግምጃ ቤቱ ኀላፊ በጅሮንድ ይባል ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የገንዘቡን ሥራ የሰጡት ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ነው። ይሁን እንጂ የግብር ሒሳብ የሚጀምረው ከግምጃ ቤት ሳይሆን ከማሳ ነበር። በደቡብ የአገራችን ክፍል መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የተለካውም መሬት እንደ ፍሬያማነቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ በመዝገብ ይገባል።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ በአንድ ጋሻ ላይ ለለም 15፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር ግብር ወሰነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ እንደ ቅደም ተከተሉ 35፣ 30 እና 10 ብር ሆነ። ስለዚህ ጠቅላላው ክፍያ 50፣ 40 እና 15 ብር ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ጠፍ የሆነው መሬት ለም ተብሎ ቢጻፍ፣ በአንድ ጋሻ በየዓመቱ 35 ብር፣ በአሥር ጋሻ 350 ብር ያለ አግባብ ይጠየቃል። ለሙ ጠፍ ቢባል ደግሞ የመንግሥት ገቢ በዚያው ልክ ይጎድላል። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ደጋግሞ ቢደምር ድምሩ ልክ ነው፤ ስሕተቱ ያለው በቃሉ እንጂ በአኃዙ አይደለምና። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ብዙ ባለ መሬቶች አሥራቱን በጭሰኛው ላይ ይጥሉት ስለ ነበር፣ መዝገቡን ከቶ አይቶት የማያውቀው ገበሬ የብዕሩን ስሕተት ከእህሉ ይከፍል እንደ ነበር ነው።

አሥራቱ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሻረ። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ የሚለው አመዳደብ ታሪክ ሆኖ ቢቀርም፣ የመመደብ ሥራ ግን ከእኛ ጋር አለ። ዕዳውን የሚሰበሰብና የማይሰበሰብ፣ ዕቃውን የሚያገለግልና የማያገለግል ብለን የምንለየው እኛ ነን። ኮምፒዩተሩ የሰጠነውን ይደምራል እንጂ ማሳውን ሄዶ አያይም። ስለዚህ ከመደመራችን በፊት የምንመድበውን ነገር በዐይናችን አይተን እናረጋግጥ።